ቅቤ ነው ስሙ፣ ወንበዴ አይደለም

ለውድ ወንድሜ ለዋርሰሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? እዚያ ደሴት ላይ ዝናብ አያባራም ሲሉ ስለሰማሁ የድሮው ሕመምህ ተነሥቶብህ ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። እንቅልፍስ ይወስድሃል? ምግቡስ ተስማማህ? ባለፈው ወረቀትህ ላይ ‹‹ዓሣ ያበሉናል፣ ግን አጠባበስ አያውቁም›› ያልከውን ለእናታችን ባነብላት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ በመጨረሻም ‹‹በይ እንግዲያው አጠባበሱን ጻፊለት›› ብላ አዘዘችኝ። እስር ቤት ውስጥ ፍም ከነማንደጃው የሚያቀርቡልህ መስሏታል። ጨዉን ቀድመህ እንዳታደርግበት ብላሃለች።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናታችን ዓይን እየደከመ ነው፤ ምላሷ ግን አልደከመም። ሚስትህ ዱኒዮ ደህና ናት። ልጃችሁ አያን ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትናገር ፉጨት ይቀድማታል፤ እኛን በሳቅ ትገድለናለች። አጎታችን ጂምዓሌም በጤናው ደህና ነው፤ ስለ እሱ ግን ገና ብዙ የምለው አለኝ።

ደብዳቤ የሚሰበስበው ሰውዬ ‹‹የቤተሰብ ወሬ ብቻ ጻፉ፤ ስለ ጦር መርከብና ስለ ባሕር ወንበዴ የሚያነሣ ደብዳቤ አላሻግርም›› ብሎ አስጠንቅቆናል። እስኪ አንተው ፍረደኝ። ላግ ዴሬ ውስጥ ከወንበዴና ከጦር መርከብ የተለየ የቤተሰብ ወሬ የት አለና ነው የምጽፈው? ባሕር ላይ የተያዝከው አንተ ወንድሜ ነህ፤ ይኸው የቤተሰብ ወሬ። እኔ የምጽፈውን እጽፋለሁ፣ እሱ ደስ ካለው ይሰርዘው።

በጉጉት የምትጠብቀውን ላስቀድምልህ። ጠበቃህ ማዳም ኦርታንስ የጠየቀችኝ ወረቀት አልተገኘም። ይግባኝህ የሚሰማው ከአረፋ በፊት ነው፤ ከዛሬ ሦስት ሳምንት እንኳ የለውም። ከዚያ በኋላ የሚንኳኳ ሌላ በር እንደሌለ ነግራኛለች። ዳኞቹ ፍርዱን ካጸኑት አሥራ ስምንቱን ዓመት እዚያው ትጨርሳለህ ማለት ነው። ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ይብስብኛል። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ለማዳም ኦርታንስ ለመደወል ጋሮዌ ድረስ ሄድኩ። እዚህ ያለው ስልክ ‹‹ሃሎ›› ብሎ ነፍሱ ይወጣል። በመካከላችን የሚያስተረጉም የሞምባሳ ልጅ ነበር፤ ትሁት ልጅ፣ አላህ ይባርከው። ዳኞቹ የፈረዱብህ ጀልባችሁ ውስጥ በተገኘው ጠመንጃ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። የጦር መርከቡ ሲጠጋችሁ ወታደሮቹ ካሜራ ይዘው ኖሯል። ሁለቱ ጓደኞችህ ሞተሩን ወደያዝከው ወዳንተ ዞረው ‹‹ቡርዓድ! ቡርዓድ! አጥፋው!›› እያሉ ሲጮሁ ተቀድቷል። የፊተኛው አስተርጓሚ ይህን ሰምቶ ምን ብሎ ጻፈ መሰለህ? ‹‹ወንበዴው! ወንበዴው! አጥፋው!›› ዳኞቹም ‹‹የገዛ ጓደኞቹ መሰከሩበት›› አሉ።

እኔ በስልኩ ውስጥ ጮህኩ። የስልክ ቤቱ ባለቤት ሥራውን ትቶ እስኪያየኝ ድረስ ጮህኩ። ‹‹ቅቤ ነው የሚሉት! ቅቤ! ሕፃን ሆኖ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ቆዳው የሚያበራ፣ ጣቱን ከቅቤ ቅል የማያወጣ ልጅ ስለነበረ አያታችን ያወጣችለት ስም ነው! ቃሉን መጀመሪያው ላይ ጫን ካላችሁት ቅቤ ነው፣ መጨረሻው ላይ ከጫናችሁት ወንበዴ!›› አልኳት። የሞምባሳው ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ተረጎመላት። እሷ ግን አልሳቀችም። ‹‹ሲጻፍስ?›› አለች። ሲጻፍ አንድ ነው። የኛ ፊደል የቱ ላይ ጫን እንደሚባል አያሳይም።

ቆይ እንጂ፣ የትኛው ወንበዴ ነው ሲያዝ ‹‹ወንበዴ›› እያለ የሚጠራራው? ‹‹ሌባ ሌባ›› የሚለው የተሰረቀው ሰውዬ አይደለም እንዴ? በላግ ዴሬ ቅጽል ስም የሌለው ማን አለ? ጂምዓሌን ‹‹ጂኒው›› እያልን አይደል የምንጠራው? እሱ ቢያዝ ደግሞ ‹‹ሰይጣን ማረክን›› ብለው በዓለም ጋዜጣ ሊያወጡት ነው።

ማዳም ኦርታንስ ነገሩ ገባት። ‹‹ከመያዙ በፊት ዓሣ አጥማጅ እንደነበረና ይህ ስም የቤት ስሙ እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት አምጪልኝ፤ የሽማግሌ ማኅተም ግን እንዳታመጪ›› አለችኝ። ለምን ብላት ከኛ ዳርቻ የመጣ ማኅተም ሁሉ ‹‹ይህ ሰው ዓሣ አጥማጅ ነው›› ስለሚል ዳኞቹ ማንበብ ትተዋል አለችኝ። እውነቷን ነው። ያኔ ግን አላመንኩም ብዬ ነበዶን ሒርሲ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌያችን ማኅተሙን ከደረት ኪሱ አወጣና ‹‹ስንት ልምታልሽ ልጄ?›› አለኝ፣ ስኳር የሚሸጥልኝ ይመስል። ይህንኑ ማኅተም ለወንበዴው አለቃ ለዴጎወይን ሰዎች አንድ በአንድ መትቶላቸዋል። ያን ጆሮ ትልቁን ዴጎወይን መቼም አትረሳውም፤ መረብ የሚነካው ሲጠላለፍበት ብቻ የነበረውን። ‹‹አባባ፣ ለነዚያ ባይመቱላቸው ኖሮ ዛሬ ለወንድሜ በሠራ ነበር›› አልኩት። ‹‹ያኔ ማን እውነተኛ ሰው ይታሰራል ብሎ ጠረጠረ?›› አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ ግን የተመነጠርከው አንተ ነህ።

ዋርሰሜ፣ እዚያ ሆነህ ሳታስበው አትቀርም፤ እኔም እዚህ ሆኜ አስባለሁ። መጀመሪያ እነዚያ ትልልቅ የባዕድ መርከቦች መጡና የባሕሩን ወለል እንደ ምንጣፍ ጠርገው ወሰዱት። የአባታችንን መረብ በጠራራ ፀሐይ እየቀደዱት ሲያልፉ አንድም የጦር መርከብ አልነበረም። ከዚያ የኛዎቹ ‹‹የባሕር ጠባቂ ነን›› ብለው ጠመንጃ አነሡ፤ ያኔ እኔም እልል ብያለሁ፣ አልዋሽም። ዓመት ሳይሞላ ከከተማ ክራቫት ያሰሩ ሰዎች መጥተው ነዳጁንም፣ ጀልባውንም፣ ጫቱንም በድርሻ ማቅረብ ጀመሩ፤ ባሕር ወርዶ የሚሞተው ግን የድሃ ልጅ ነበር። የፍየል ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ ያልዘረፍነው እኛ በዘራፊ ዋጋ ስንገዛ ከረምን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዓሣው ካለቀ በኋላ የዓለም የጦር መርከብ ሁሉ ደጃችን ላይ ተኮለኮለ። ክራቫት ያሰሩትን ማን ነካቸው? ማንም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና አንተን ያዙህ። ያለ ጠመንጃ ብትወጣ የባዕድ መርከብ መረብህን ይረግጥብሃል፤ ጠመንጃ ይዘህ ብትወጣ ወንበዴ ነህ። እስኪ በየት በኩል ይወጣ?

አሁን ደግሞ የሚያቃጥለኝን ስማ። መንገደኛ መርከቦቹ የራሳቸውን ጠባቂ አሳፍረው ስለሚያልፉ ወንበዴነት ከስሯል። ዓሣ ጠራጊዎቹ ግን ተመልሰዋል፣ ፈቃድ ይዘው! ፈቃዱን ማን እንደሸጠላቸው አላህ ይወቀው። መርከቡ ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው ማን ይመስልሃል? ዴጎወይን ከነሰዎቹ። ያው ጠመንጃ፣ ያው ሰው፣ ደንብ ልብሱ ብቻ አዲስ ነው። ሰሞኑን ደግሞ በስልጠናው ላይ ‹‹እንዴት ተጸጸትኩ›› የሚል ንግግር ያደርጋል፣ አበል እየተከፈለው። ንግግሩ ሲያምር!

ስልጠና ያልኩህ ‹‹የተስፋ ዳርቻ›› የሚባለው ፕሮጀክት ነው። አምና ባሕሩ በነፋሱ ወራት ከመዘጋቱ በፊት መጥተው በውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ቢሮ የሚሆን ኮንቴይነር ተከሉ። ኃላፊው ሚስተር አንቶን ይባላል፤ ቀጭን፣ ፀሐይ የላጠው፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ለቀድሞ ወንበዴዎች ጀልባና ሞተር ይሰጣሉ ተባለ። አጎታችን ጂምዓሌ ሮጦ ሄደ። ‹‹አርባ ዓመት ዓሣ አጥምጃለሁ፣ የሰው ገመድ እንኳ ነክቼ አላውቅም፤ ሞተር ስጡኝ›› አለ። ሚስተር አንቶን አዝኖ ‹‹አባት፣ እኛ የመጣነው ለሚመለሱ ሰዎች ነው፤ እርስዎ የትም አልሄዱም›› አለው። ያልሄደ ሰው እንዴት ይመለሳል! አጎታችን ቤት ገብቶ ሁለት ቀን ሳይወጣ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሄዶ ተጸጸተ። መላው ላግ ዴሬ ተጸጸተ፣ ዋርሰሜ። ሙአዚኑ ሳይቀር ተጸጸተ። በሕይወቱ ታንኳ ላይ ወጥቶ የማያውቀው ልብስ ሰፊው ‹‹መርከብ ላይ ሲወጡ መሰላል ያዥ ነበርኩ›› ብሎ ጥንድ መረብ ወሰደ።

ለአጎታችን የደረሰው ጀልባ ብቻ ነበር። ሞተር የሚሰጠው ከቤተሰቡ የታሰረ ወንበዴ ላለው ሰው ነው አሉት። ያን ጊዜ ነው ያንተ ስም የተነሣው። እናታችን ‹‹ተው፣ የልጄን ስም ከዚያ አታግባ›› ብላ ለመነችው። እሱ ምን እንዳለ ልንገርህ፤ ‹‹ነጮቹ ሲይዙት ሞተሩን ባሕር ውስጥ አሰጠሙት። አሁን በስሙ ሞተር ይመልሳሉ። ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?›› አለን። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ልከለክለው አልፈለግኩም። ዱኒዮ አይብ እየሸጠች፣ እኔ ምንጣፍ እየሠራሁ፣ ባሕሩ ደጃችን ላይ እያለ ዓሣ ከሱቅ በቆርቆሮ እየገዛን ነበር የምንበላው። ስለዚህ ስምህ በቀድሞ ወንበዴዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ሞተሩም መጣ።

በሁለተኛው ስልክ የማዳም ኦርታንስን ድምፅ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ዝርዝሩ ከኮንቴይነሩ ወጥቶ፣ ከፕሮጀክቱ ወደ ጦር መርከቦቹ፣ ከጦር መርከቦቹ ዐቃቤ ሕጉ እጅ ገብቷል። ተባብረው መሥራት ይሉታል፤ ለእኛ ውኃ ለማምጣት ግን መቼ ተባበሩ? ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ለዳኞቹ ሰጥቶ ‹‹የገዛ ቤተሰቡ ያስመዘገበው ነው፤ ‘በምን ስም ይታወቃል?’ በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈ ይመልከቱልኝ›› ብሏል። ቡርዓድ ተብሎ ነው የተጻፈው። በላቲን ፊደል፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ።

በጥሩ እጅ ጽሑፍ ያልኩት የኔ ስለሆነ ነው።

እስካሁን መርከቡን፣ ሽማግሌውን፣ ዴጎወይንን፣ አጎታችንን ስወቅስ የቆየሁት እዚች ዐረፍተ ነገር ላይ ላለመድረስ ነበር። ጂምዓሌ መጻፍ አይችልም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው። ውሸት እንደሆነ እያወቅኩ ጻፍኩት፣ ወረቀት ከዚያ ኮንቴይነር ወጥቶ የትም አይደርስም ብዬ። ቅጽል ስምህን ስጽፍ ደግሞ ቅቤ ማለቴ ነበር። በልቤ ውስጥ ያ ድንቡሽቡሽ ልጅ ነበር። ሚስተር አንቶን አነበበና ፊቱ በርቶ በቀይ እስክሪብቶ ከበበው፤ እኔ ጽሑፌን ያደነቀልኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩለት። ያንን ፈገግታ ባሰብኩት ቁጥር ፊቴን መቧጨር ያምረኛል።

ይህንኑ ለማዳም ኦርታንስ ነገርኳት። ከዚያ ‹‹አንድ መንገድ አለ›› አለችኝ። ቅጹን የሞላው ሰው ራሱ ችሎቱ ቀን ጋሮዌ ቀርቦ፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት ለዳኞቹ ‹‹ለሞተር ብዬ ዋሸሁ›› ብሎ ከማለ፣ የወሰደውንም ከመለሰ፣ ወረቀቱ ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ የስምህንም ነገር እኔው በአፌ፣ በድምፄ፣ መጀመሪያው ላይ ጫን ብዬ አስረዳለሁ። ወድቆልህ ትፈታለህ ብላ ቃል አልገባችልኝም፤ ሊሆን ይችላል ነው ያለችው።

ይህ በተሰማ ማግስት ነበዶን ሒርሲ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ቤታችን መጣ። ‹‹አምበሮ ልጄ፣ አንቺ ዋሸሁ ካልሽ ሌሎቹስ ምን አሉ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሞተሮቹ ሁሉ ተለቅመው በመኪና ሊጫኑ ነው። ለአንድ ሰው ብለሽ መንደር ታስርቢያለሽ?›› አለኝ። ቀላል ነገር አልተናገረም፤ የማን ልጅ በየትኛው ጀልባ እንደሚበላ እኔም አውቃለሁ። ‹‹አባባ፣ ለሁሉም ሰው ማኅተም ሲመቱ ስለ አንድ ሰው አስበው ነበር?›› አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉድጓዱ ዘንድ ስደርስ ሴቶቹ ባልዲያቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ይሂዱ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ብዙ ዝም ብያለሁ፤ ይህን ግን ዝም አልልም። እቀርባለሁ። ዋሸሁ እላለሁ። ወንጀል ነው ብለው ካሰሩኝም ይሰሩኝ፤ ቢያንስ ባደረግኩት ነገር ነው የምታሰረው።

ሽማግሌዎቹ በመጡ በአራተኛው ጠዋት የነፋሱ ወራት አልፎ ባሕሩ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ጀልባውን ወደ ውኃ ሲገፋ፣ አጎታችን ሞተሩን ከጀልባው ፈትቶ በአንገት ልብሱ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ ኮንቴይነሩ ደጅ አስቀመጠው። ሚስተር አንቶን ‹‹ተበላሸ እንዴ?›› ቢለው ‹‹እሱ ደህና ነው፤ የተበላሸነው እኛ ነን›› ብሎት መጣ። ሰውየው እስካሁን አልገባውም፤ የጥገና ቅጽ ሰጥቶታል።

ይቅር በለኝ ብዬ በወረቀት አልጠይቅህም። መስኮቱ ላይ ስታየኝ ፊትህን እንዳታዞር ብቻ ነው የምለምንህ፤ ካዞርክ መናገር ያቅተኛል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ ስምህን ሲጠይቁህ ዋርሰሜ ብቻ በል። እኛም ቤት ውስጥ ሌላውን ስም ትተነዋል።

እንግዲህ ሰላምታ። አጎታችን ጂምዓሌ ‹‹ምን ብዬ ሰላም እላለሁ›› ብሎ ወጣ፤ ሰላም እንዳለህ ቁጠረው። አያን ‹‹አባዬ ጥርሴን ሳያይ ሌላው እንዳይበቅል›› ብላ በጣቷ እየነካካች ትጠብቅሃለች። ዱኒዮ ያላት መልእክት አንድ ነው፤ ‹‹እሷን አትቀየማት፣ ቅጹን ስትሞላ ፋኖሱን የያዝኩላት እኔ ነኝ›› በዪው ብላኛለች። እናታችን አብዝታ ትመርቅሃለች። ዳኞቹ ይሰሙ ይመስል ሳምንቱን ሙሉ ዋርሰሜ ብላ መጥራት ስትለማመድ ሰነበተች። ዛሬ ጠዋት ግን ‹‹የሌላ ሰው ልጅ የምጠራ ይመስለኛል፤ እኔ የወለድኩት ሌላ ነው›› ብላ ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች።

እህትህ አምበሮ

ላግ ዴሬ፣ እሑድ፣ ዙልቂዕዳ 16 ቀን 1434፣ በፈረንጆች መስከረም 22 ቀን 2013